ቡስተር ከመግዛታችሁ በፊት

 

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ያዙና ተቀመጡ። ስለ ሬድዮ ነው የማወራው፤ ግን ለሬድዮ ሰዎች ብቻ አይደለም። ጣሪያው ላይ አንቴና ሰቅሎ፣ ምስሉ አልጠራ ሲለው "ቡስተር" ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ያገባዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ይቅርታ ልጠይቅ። ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ የሰጠሁት ምክር ገንዘብ አስወጥቶት፣ ችግሩንም አባብሶበታል። እሱ ይቅር ብሎኛል፤ እንዲያውም አሁን ድረስ ይስቅብኛል። ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ስህተቱ ከኔ አልፎ የአስተማመራችን ስህተት ስለሆነ ነው።

ልጁ አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር፣ ግን የተበላሸ ሬድዮ ካየ እጁ የማያርፍ ዓይነት ልጅ ነበር። እዚያ ከሥራው ጎን ለጎን የአማተር ሬድዮ ፈቃድ አወጣ። አማተር ሬድዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለአገልግሎት ሲባል፣ በተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሰዎች በራሳቸው መሣሪያ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ 35 ጥያቄ ይቀርባል፣ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ልጁ አልፎ አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ገባ። ክለቡ ደግሞ አንድ ሪፒተር አለው።

ሪፒተር ለማታውቁት ባጭሩ፦ የእጅ ሬድዮ (ዎኪ ቶኪ የምንለው) ኃይሉ 5 ዋት ቢሆን ነው፣ ኮረብታ ወይም ሕንፃ ከጋረደው ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ከፍታ ቦታ ላይ አንድ መሣሪያ ይተከላል። ይህ መሣሪያ የደካማውን ሬድዮ ድምፅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማና፣ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ ጎላ አድርጎ መልሶ ይለቀዋል። የነሱ ሪፒተር በ447 ሜጋኸርዝ ይሰማል፣ በ442 ይናገራል። የ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ማለት ነው። ይህን 5 ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ጎርፍ ወይ በረዶ መጥቶ ስልክ ሲቋረጥ ሰው የሚገናኝበት አንዱ መንገድ ይህ ስለሆነ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከቦታው ነው። ከፍታ ቦታ ሁሉም ይፈልገዋል። ክለቡ በነፃ ያገኘው ማማ አጠገብ የኤፍ ኤም ሬድዮ ማሰራጫዎች አሉ። ሪፒተሩም ሁለት ያገለገሉ የመኪና ሬድዮዎች ተገጣጥመው የተሠራ ነበር። በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ሰው ሲናገር ሪፒተሩ አይሰማውም። አንዳንዴ ደግሞ ሰው መናገር ሲጀምር ከላይ ሙዚቃና ማስታወቂያ የተደባለቀበት የተንቋረረ ድምፅ ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ አልረበሽኩዎትም? አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለ። ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። እኔም ሳላስብ፣ እንደ አዋቂ፣ "ሲግናሉ ደክሞ ነዋ! ከአንቴናው ቀጥሎ አንድ ማጉያ ጨምሩበት" አልኩት። የኛን ቡስተር ማለቴ ነው። እነሱም ከአባላት አዋጥተው ከመቶ ዶላር በላይ አውጥተው ገዙ፣ ገጠሙ።

በሳምንቱ ደወለ። "ቲቸር፣ አሁን ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውንም አይሰማም።"

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነስቼ ወረቀት አወጣሁ። መጀመሪያውኑ ማውጣት የነበረብኝን ወረቀት ማለት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትልቅ የኤፍ ኤም ጣቢያ 50 ሺህ ዋት ይለቃል እንበል። የእጅ ሬድዮው 5 ዋት ነው። በኃይል ብቻ 10 ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል። ርቀት ደግሞ እንጨምር። ጣቢያው ከአንቴናችን 30 ሜትር ላይ ነው፣ የእጅ ሬድዮው 30 ኪሎ ሜትር ላይ። የርቀቱ ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው፤ ኃይል ደግሞ በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ 1 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። 10 ሺህ ሲባዛ በ1 ሚሊዮን፣ 10 ቢሊዮን! የክለቡ አንቴና የተሠራው ለሌላ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ይህን ሁሉ አይቀበልም፤ ልክ ነው። እንኳን አንድ ሺህኛውን ብቻ ይቀበል። ገና 10 ሚሊዮን እጥፍ ይቀራል። ስሌቱ ግምት ነው፤ ግን ችግሩ የት እንዳለ ለማሳየት ይበቃል።

"ታዲያ ኤፍ ኤሙ 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ እኛ 447 ላይ፤ ምን አገናኘን?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪ ሆናችሁ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ነጥብ እሰጣችሁ ነበር። መልሱ ይኸውና፦ ሬድዮ "እኔ 447ን ነው የምፈልገው" ብሎ በጥራት የሚመርጠው ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ትራንዚስተር፣ በተለይ ርካሽ በሆነ መሣሪያ ውስጥ፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። የሚችለው መጠን ደግሞ ወሰን አለው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ጉልበተኛ ሲግናል ሲመጣበት ይሞላል፣ ይደነዝዛል። የዚያን ጊዜ ደካማውን ሲግናል ማጉላት አይችልም።

ማታ በጠባብ መንገድ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከፊት የመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሲያበራባችሁ፣ መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ይጠፋባችኋል። ሰውየው አለ፣ አልደበዘዘም። የተቸገረው ዓይናችሁ ነው። ያኔ አጉሊ መነጽር ብታደርጉ ምን ይጠቅማል? መብራቱንም አብሮ ያጎላዋል። የሚጠቅማችሁ እጃችሁን አንስታችሁ መብራቱን ብቻ መከለል ነው። እኔ ለልጁ የመከርኩት አጉሊ መነጽሩን ነበር።

እሺ፣ ሙዚቃውስ ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው የያዛችሁልኝ 5 የሚመጣው። ትራንዚስተር ሲሞላ መደንዘዝ ብቻ ሳይሆን መደባለቅም ይጀምራል። የገቡትን ፍሪኩዌንሲዎች ይደምራል፣ ይቀንሳል። ለምሳሌ ጆሯችን የለመዳቸውን ሁለት የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ልውሰድ፤ ሸገር 102.1ን እና ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን። ልዩነታቸው ስንት ነው? 5 ሜጋኸርዝ! አሁን ሪፒተሩ በ442 ይናገራል ብለናል።

442 + (102.1 − 97.1) = 447

447 ደግሞ ሪፒተሩ የሚሰማበት ጆሮው ነው! እንዲህ ዓይነት ሪፒተር እነዚህ ጣቢያዎች አጠገብ አለ ማለቴ አይደለም፤ ጣቢያዎቹም ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ በተፈቀደላቸው ቁጥር ላይ ነው ያሉት። ሜሪላንድም ያለው ይኸው ነው፤ ልዩነታቸው 5 የሆነ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። ሙዚቃው ሰው ሲናገር ብቻ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ለድብልቁ ሦስተኛው ቅመም የራሱ የሪፒተሩ 442 ነው። ሪፒተሩ ዝም ካለ ድብልቁ አይኖርም። መናገር ሲጀምር ሙዚቃው ይወለዳል፣ ሪፒተሩም የራሱን ጥፋት መልሶ ይሰማል።

በማግስቱ ደወልኩለት። "ያንን ማጉያ ንቀለው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም እንደ አዲስ ተማሪ ጀመርን። ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ለማንኛውም ተቀባይ ችግር ይሠራል።

1ኛ. አንቴናውን ንቀሉና በቦታው 50 ኦም መዝጊያ (አንቴና መስሎ ኃይልን የሚበላ ሬዚስተር) ግጠሙ። ረብሻው እንዳለ ከቀጠለ የሚገባው በአንቴና ሳይሆን በሳጥኑ ቀዳዳ፣ በኃይል ገመዱ ወይም ሽፋኑ በሳሳ ኬብል ነው ማለት ነው። የነሱ ጠፋ። ስለዚህ የሚገባው በአንቴናው መስመር ነው።

2ኛ. አንቴናውን መልሱና ከሪሲቨሩ በፊት ሲግናል የሚቀንስ ትንሽ መሣሪያ አስገቡ፤ 6 ዴሲቤል፣ ማለትም ኃይልን ወደ ሩብ የሚያወርድ። ይህን የምወደው ፈተና ነው። እውነተኛ ሲግናል ከሆነ እሱም ወደ ሩብ ብቻ ይወርዳል። እዚያው ሪሲቨሩ ውስጥ ከሦስት ሲግናል የተደባለቀ ውሸት ከሆነ ግን በ18 ዴሲቤል፣ ከ60 እጥፍ በላይ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ቅመሞች በአንድ ጊዜ ቀነሱ። ልጁ ሲሞክረው ሙዚቃው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ሩቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ ይበልጥ ተሰማ! ስልክ ላይ ጮኸ፤ "ቲቸር! ቀነስንና ጨመረ!"

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ቀነስንና ጨመረ።

3ኛ. አሁን በሽታው ስለታወቀ መድኃኒቱ ማጣሪያ ነው። ከ108 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን የሚገታ፣ 447ን የሚያሳልፍ ትንሽ የብረት ሳጥን፣ ከሪሲቨሩ በፊት። ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች በጣም የተራራቁ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ዋጋውም ከዚያ የኔ ጉድ ማጉያ ያንሳል።

የሚያስቸግረው አንድ ጣቢያ ብቻ ከሆነ ደግሞ በቁራጭ ኬብል መሥራት ይቻላል። የ98 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3.06 ሜትር ነው። ሩቡ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል ውስጥ ሞገድ ፍጥነቱ ወደ 66 በመቶ ስለሚወርድ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሜትር ኬብል ቆርጣችሁ፣ አንዱን ጫፍ በቲ ማገናኛ ከመስመሩ ጋር አያይዛችሁ፣ ሌላውን ጫፍ ክፍት ብትተዉት፣ ለዚያ ጣቢያ ልክ ሽቦው እንደተነካካ፣ ሾርት እንደሆነ ይሆንበታል። ያው ኬብል ከምትፈልጉት ሲግናልም ትንሽ ይበላል፤ ማጣሪያ ሁሉ ቀረጥ አለው። ግን 10 ሚሊዮን እጥፍ ከሚያደነዝዛችሁ ነገር ለመዳን ያችን ትንሽ ቀረጥ መክፈል አያስቆጭም።

4ኛ. ማጣሪያው ከገባ በኋላ የ30 ኪሎ ሜትሩ ሰው ጥርት ብሎ መጣ። ግን ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የሠርግ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ቀረ። የ6 ዴሲቤሉን ፈተና ደገሙ። አሁን ሙዚቃው የወረደው በ6 ብቻ ነው። ይህ ማለት ድብልቁ አሁን ሪሲቨሩ ውስጥ አይደለም፤ ውጭ ነው፣ በእውነተኛ 447 ሆኖ ነው የሚመጣው። ለዚህ የሪሲቨር ማጣሪያ አይሠራም፤ ራሱ የሚፈለገው ቁጥር ላይ ስለሆነ ልታጣራው ብትል የራስህን ሰው ነው የምታጣራው።

ታዲያ ውጭ ማን ይደባልቀዋል? ዝገት! የዛገ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ እንደ ዳዮድ ይሠራል። ማማው ላይ ያለ የዛገ ማሰሪያ ሁለቱን ጣቢያዎችና የሪፒተሩን 442 ተቀብሎ፣ ደባልቆ መልሶ ይለቃል። የማማውን ባለቤት አስፈቅደው፣ ፈቃድ ያለው ወጪ ባለሙያ አስወጥተው፣ ከአንቴናቸው በታች አንድ የላላና የዛገ ማሰሪያ አገኙ። ተቀየረ። ጸጥ አለ።

ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት አቋም ይኸው ነው፦ መስማት ሲያቅተን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን "ምን ልጨምር?" ሳይሆን "ምን እያስገባሁ ነው?" የሚለውን ነው። ማጣሪያ ይቅደም፣ ማጉያ ይከተል። ማጉያ አያስፈልግም አላልኩም። ጸጥ ባለ ቦታ፣ ረጅም ኬብል ባለበት፣ ከማጣሪያው በኋላ ተገጥሞ ብዙ ይረዳል። ያለ ማጣሪያ ቀድሞ የገባ ማጉያ ግን የጠላትህን ድምፅ በራስህ ገንዘብ ማጉላት ነው።

ሌላም አቋራጭ አለ፤ ልጁ ከክለቡ ሰዎች የሰማው። ሪሲቨሩ በአባላቱ ሬድዮ የሚላክ መለያ ቃና ካልሰማ እንዳይከፈት ማድረግ። ረብሻው በር አይከፍትም፣ ሪፒተሩም ዝም ይላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ግን ይህ ሕመሙን መሸፈን እንጂ ማከም አይደለም። የደነዘዘው ሪሲቨር እንደደነዘዘ ነው፤ ሩቅ ያለውም ሰው እንዳልተሰማ ነው። ቅሬታው ስለቆመ ብቻ ችግሩ የተፈታ ይመስለናል። ይህን ነገር ከሬድዮ ውጭም የምታውቁት ይመስለኛል፤ እኔ ዝም ልበል።

የራስህን ጨርሰህ ወደ ሌላው መሄድ የሚባለውም ቁም ነገር ነው። ክለቡ በመጀመሪያው ቀን የማማውን ባለቤት ወይም ጣቢያዎቹን "ረበሻችሁን" ብሎ ቢከስ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ጥፋቱ በአብዛኛው የራሱ ሪሲቨር ነበራ! የራሱን አጣርቶ፣ ለክቶ፣ "ቀሪው ከዚህ ነው የሚመጣው" ብሎ ሲሄድ ግን ማማው ተከፈተለት። አንዳንዱ ረብሻ ደግሞ ከነጭራሹ በመሣሪያ አይፈታም። ለምሳሌ ከ7,100 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ ያለው የአጭር ሞገድ ክፍል በ2003 እ.ኤ.አ. በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተወስኖ ከመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኛ ቀጠና ለአማተሮች ብቻ ተለቋል። እዚያ ውስጥ የስርጭት ጣቢያ ከገባ የትኛውም ማጣሪያ አያወጣውም፤ ስምምነትና ሕግ ነው የሚያወጣው። የቱ በብረት፣ የቱ በንግግር እንደሚፈታ ለይቶ ማወቅ ግማሹ መፍትሔ ነው።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ።

ከዓመታት በፊት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያው ውስጥ የሬድዮ ድምፅ ይገባ ነበር። ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሲናገሩ ከኋላ ዘፈን፤ ተማሪው በሳቅ ይሞታል። ምን ተደረገ? ትልቅ አምፕሊፋየር ተገዛ። ዘፈኑም አብሮ ትልቅ ሆነ! በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው የማይክራፎኑ ኬብል ጫፍ ላይ ነው፤ ዙሪያውን የሚከልለው ሽቦ ተበጥሶ፣ ኬብሉ አንቴና ሆኖ ነበር። አንድ ነጥብ ብየዳ! እኔ በዚያን ጊዜም እዚያው ነበርኩ፣ ብየዳውንም አይቻለሁ። ግን ትምህርቱን አልወሰድኩትም፤ ወስጄው ቢሆን ኖሮ ለልጁ ያንን ምክር አልሰጠውም ነበር።

ለምን አልወሰድኩትም? እዚህ ላይ ነው ራሴን የምወቅሰው። የማጣሪያ መሠረቱ ሬዞናንስ ነው። ሬዞናንስን ደግሞ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ! "አንድ ሲካፈል ለሁለት ፓይ ስር ኤል ሲ" እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ አስልተው፣ አርሜ አልፌያለሁ። ልጁ የማጣሪያውን ሳጥን ሲከፍት ውስጡ የተጠመዘዘ ሽቦና ትናንሽ ካፓሲተሮች አየ። ከዚያ በስልክ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ቲቸር፣ ያ ፎርሙላ ይሄ ነው እንዴ?"

ልጁ በዚያ ፈተና ጥሩ ውጤት ነበረው እኮ። እኔም ያስተማርኩት ሰው ነኝ። ሁለታችንም ግን ፎርሙላው መስማትና አለመስማትን የሚወስን ነገር መሆኑን ስልኩ ላይ ነው የተማርነው። ዲሲቤሉን፣ ካሬውን፣ ሬዞናንሱን ሁሉ ለየብቻ እናውቃቸዋለን፤ ችግር ሲመጣ ግን እጃችን የሚሄደው ወደ ቡስተር ነው። ለፈተና የተማርነው ዕውቀት ለሥራ ሲጠራ የማይሰማ ደንቆሮ ሪሲቨር ሆኗል።

"ላብራቶሪ የለም" የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ግን ክርና ድንጋይ የለም? ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ይህን ሞከርኩ፦ በሁለት ዴስክ መካከል አንድ ክር ወጠርን። በሱ ላይ ሦስት ጠጠሮች በክር አንጠለጠልን፤ አንዱ በ40፣ አንዱ በ25፣ አንዱ በ15 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ አራተኛ፣ ከበድ ያለ ድንጋይ በ25 ሳንቲ ሜትር አንጠልጥለን እሱን ብቻ ወዘወዝነው። ሌሎቹን ማንም አልነካቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለ 25ቱ ጠጠር ብቻ በሰፊው መወዛወዝ ጀመረ። የቀሩት ትንሽ ተንቀጥቅጠው ዝም። ክፍሉ በአንድ ጊዜ "እ...!" አለ። "ማጣሪያ ማለት ይህ ነው፤ የራሱን ርዝመት ብቻ የሚሰማ" አልኳቸው። ዋሽንት የሚነፋ አንድ ልጅ ደግሞ "ቲቸር፣ ታዲያ የዋሽንት ርዝመትም ለዚህ ነዋ!" አለኝ። ነው! ወጪው ዜሮ ብር፣ ጊዜው 15 ደቂቃ።

"ፈተና ላይ አይመጣም" የሚለውም መልስ አለ። እውነት ነው፣ ክርና ጠጠር አይመጣም። ግን ያንን ያየ ልጅ ፎርሙላውን አይረሳውም፤ ፈተናው ላይም አይጎዳም። የሚጎዳው ፎርሙላውን ብቻ ይዞ የሄደው ነው፤ በሃያ ምናምን ዓመቱ በሰው አገር ማማ ሥር ቆሞ የተሳሳተ መምህሩ ጋ የሚደውለው።

ሥራው እኛም አገር እንግዳ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የአማተር ሬድዮ ክለብ ጣቢያ አለ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች የኢትዮጵያን ድምፅ የሚያውቁት በሱ ነው። ግን አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ዎኪ ቶኪ ፍለጋ እንዳትወጡ! ያለ ፈቃድ ማሰራጫ መያዝና መጠቀም ሕጉ አይፈቅድም፤ የፍሪኩዌንሲው ጉዳይ በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚተዳደረው። መስማትና ማጣራት ግን በቤት ባለች ትንሽ የኤፍ ኤም ሬድዮም ይጀመራል። ማሰራጫ አጠገብ ስትደርሱ ሬድዮዋ ስትደነዝዝ፣ አንዱ ጣቢያ በሌላው ቁጥር ላይ ሲመጣ አዳምጡ። አሁን ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

የገዙት ማጉያ የት ደረሰ ለምትሉ፦ አልተጣለም። ማጣሪያው ከገባ በኋላ፣ ከሱ ቀጥሎ ተገጥሞ እየሠራ ነው። ቦታው ሲስተካከል ጥፋቱም ጥቅም ሆነ። ልጁ ፎቶውን ሲልክልኝ ከሥሩ "የቲቸር ማጉያ" ብሎ ጽፎበታል። ይገባኛል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እኔ ያስተማርኳችሁና በኋላ ሥራ ላይ "ይሄ ነው እንዴ?" ያላችሁት ፎርሙላ ካለ ከታች ጻፉልኝ። አትፍሩ፣ ነጥብ አልቀንስም። ለዘንድሮዎቹ ልጆች ከመጀመሪያው በትክክለኛው መንገድ ላስተምርበት ነው።

መልካም ምሽት።